ስንት ያቀርባል?

የጠመንጃ መነጽር ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ያቀርባል? መልሱም ቁጥር ነው። ይሄ እስከ ዘጠኝ እጥፍ፣ ያኛው እስከ አስራ ስምንት፣ መስታወት ውስጥ የተቆለፈበት ውዱ ደግሞ እስከ ሃያ አምስት። ቁጥሩ ሲያድግ ዋጋው ያድጋል። ዋጋው ሲያድግ ደግሞ ገዢው የተሻለ አዳኝ የሆነ ይመስለዋል።

"መነጽሩ የሚያቀርበው ምኑን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። የሚያቀርበው ምስሉን ነው። እንስሳው አልቀረበም፤ ቅድም የቆመበት ቆሟል። በመካከላችን ያለው አየር፣ ነፋሱ፣ ሸለቆው፣ ጥይቷ ለመድረስ የምትፈልገው ጊዜ፣ አንዳቸውም አልቀነሱም። ርቀቱ ያጠረው ለዓይኔ ብቻ ነው። ላወራ የፈለግኩት ስለዚህ ክፍተት ነው፦ ዓይን የደረሰበት ቦታ ሁሉ እጅ እንዲደርስ ይፈቀድለታል ወይ?

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ነው፤ ሐበሻ የበዛባት ከተማ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ። አደን የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ምክንያት ነው። የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይሰጠኛል። አንዱ ይስቃል፦ "ሥጋ ቸግሮህ ነው?" ሌላው ያዝናል፦ "ምን አደረገህ ፍጥረቱ?" ሁለቱም ደህና ጥያቄ ናቸው። ሥጋ አልቸገረኝም፤ ፍጥረቱም ምንም አላደረገኝም። ግን ሥጋ እበላለሁ። የምበላው ነገር ሲሞት ቢያንስ አንዳንዴ እዚያው መገኘት አለብኝ ብዬ አምናለሁ።

ያደግኩት የፋሲካ በግ ሲታረድ እግር እየያዝኩ ነው። እዚያ ላይ ርቀት የሚባል ነገር የለም። የበጉ ሙቀት እጃችሁ ላይ ነው፤ ሲፈራገጥ ጉልበቱ ክንዳችሁ ላይ ነው። ቢላው ዶልዱሞ ከሆነ ሁሉም ሰው ያያል፣ አራጁም ያፍራል። አደን ላይ ግን ርቀት አለ። ያን ርቀት የሚያስረሳ ዕቃ ደግሞ ጠመንጃው ላይ ተገጥሟል።

ማጉላት የሚያስከፍለው

በጣም የተለመደው የአደን ስኮፕ 3-9×40 የሚባለው ነው። ሲነበብ፦ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያቀርባል፣ የፊተኛው ሌንስ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱን እያዞራችሁ በሦስትና በዘጠኝ መካከል የፈለጋችሁት ላይ ታቆሙታላችሁ። ጀማሪ ሰው ወዲያው ዘጠኝ ላይ ያደርሰዋል። ተከፍሎበታል እኮ፣ ለምን ይቀራል?

ማጉላት ግን በነጻ አይመጣም። አንደኛ፣ ብርሃን ያስከፍላል። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በማጉያው ቁጥር ብታካፍሉት ከኋላ ወጥቶ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። ዘጠኝ ላይ 40 ለ9፣ ማለትም 4.4 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ላይ 8 ሚሊ ሜትር። በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ስለዚህ ሊነጋጋና ሊመሽ ሲል፣ ማለትም እንስሳት ወጥተው በሚግጡበት ሰዓት፣ በዝቅተኛው ቁጥር የሚታየው ምስል ትንሽ ቢሆንም ደማቅ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ትልልቅ እንስሳትን ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ብዙው ነገር የሚሆነው በነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ስፋት ያስከፍላል። በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ፣ ሦስት እጥፍ ስታደርጉት 10 ሜትር ያህል የሆነ ሜዳ ይታያችኋል። ዘጠኝ ላይ ወደ 4 ሜትር ይጠባል። ከእንስሳው ጀርባ ሌላ እንስሳ ይኑር፣ ሰው ይኑር፣ መንገድ ይኑር፣ ከምስሉ ውጪ ሆኗል።

ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው። ማጉያው እንስሳውን ብቻ አያጎላም፤ እናንተንም ያጎላል። ትንፋሻችሁ፣ የልብ ምታችሁ፣ የክንዳችሁ መድከም፣ ሁሉም መስቀለኛው መስመር ላይ ይታያል። በአራት እጥፍ ረጋ ያለ የመሰለው መስመር በሃያ ላይ ይጨፍራል። መንቀጥቀጡ አልጨመረም፤ ድሮም ነበረ፣ አሁን ታየ። በዚህ በኩል ትልቁ ማጉያ ሐቀኛ ነው፦ ከእንስሳው ጋር አብሮ የተኳሹንም ልክ ያሳያል። ችግሩ ሰው የሚያየው የመረጠውን መሆኑ ነው። የእንስሳውን ሽፋሽፍት አይቶ "ቅርብ ነው" ይላል። መስመሩ ሲዘል አይቶ ግን "ሩቅ ነው" አይልም፤ መሃል ላይ እስኪያልፍ ጠብቆ ቃታውን ይነጥቀዋል።

ብርሃንና ጥይት

ይሄን ጉዳይ ከስሜት ወደ ፊዚክስ ስናወርደው አንድ ቀላል ነገር እናገኛለን። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጥይት ይወድቃል። መነጽሩ የሚሠራው በብርሃን መንገድ ነው፣ ጠመንጃው በጥይት መንገድ። ሁለቱን ማስተካከል፣ በተለምዶ ዜሮ ማድረግ የምንለው፣ መንገዶቹ በአንድ የመረጥነው ርቀት ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ስኮፑ ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ታዞራላችሁ። ብዙዎቹ ስኮፖች ላይ አንዷ ጠቅታ በ100 ያርድ ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ለውጥ ታመጣለች። አንዱ ቁልፍ ለላይና ታች፣ አንዱ ለግራና ቀኝ። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ መሐንዲስ ለሆነ ሰው እንደ ጨዋታ ነው።

ስኮፑን 200 ያርድ ላይ አስተካከላችሁት እንበል። የ.308 ዓይነት የተለመደ የአደን ጥይት 300 ያርድ ሲደርስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። 400 ላይ 60 ገደማ። አወራረዱ ቀስ በቀስ ሳይሆን እየከፋ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ግን የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ይሰላል። የሌዘር ርቀት መለኪያና ሠንጠረዥ ካላችሁ ቁልፉን አዙራችሁ ታርሙታላችሁ።

የማይሰላው ሌላው ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ፣ ይህ ማለት ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ተራ ነፋስ፣ ያችኑ ጥይት 400 ያርድ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይገፋታል። እናንተ የቆማችሁበት ነፋስና ሸለቆው መሃል ያለው ነፋስ ደግሞ አንድ አይደለም። ጥይቷ 400 ያርድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትፈልጋለች። በግማሽ ሰከንድ አንድ እንስሳ አንድ እርምጃ ይራመዳል። የኤልክ (ከአጋዘን ዘር ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው) ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ቢሰፋ ከትንሽ እንጀራ አይበልጥም። አንድ እርምጃ ማለት ከሳንባ ወደ ሆድ ዕቃ ማለት ነው። ሆድ ዕቃዋን የተመታች ኤልክ ሰዓታት ትሄዳለች፤ ጫካ ገብታ ትተኛለች፤ በማግስቱ ትሞታለች። ማንም ላያገኛት ይችላል።

መነጽሩ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያሳይም። የሚያሳየው በጣም ጥርት ያለ፣ በጣም ጸጥ ያለ ምስል ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚገርም ቃል አለው፦ አለመ። አልሞ ተኳሽ ስንል ዒላማውን ለይቶ የሚተኩስ ማለታችን ነው። ሕልም ያየ ሰውም አለመ ይባላል። ሥራቸው ይለያይ ይሆናል፤ ጆሮ ግን አይለያቸውም። በስኮፕ ውስጥ የሚያይ ሰው ሁለቱንም በአንዴ እያደረገ ነው። ዒላማውን ያልማል፣ የተሳካለትንም መጨረሻ ያልማል። ጥያቄው በየትኛው "ማለም" ላይ ሆኖ ነው ቃታውን የሚስበው የሚለው ነው።

መነጽር ሲባል

በኮሎራዶ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአደን ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት። እኔ ስማር አንድ ደንብ ተደጋግሞ ተነገረን፦ በጠመንጃ ስኮፕ አካባቢ አትቃኙ። መቃኘት ከፈለጋችሁ ባይኖኩላር ያዙ። ምክንያቱ ሲገለጽ ግልጽ ነው፤ ስኮፑ ወዳየበት አፈሙዙም ያያል። "ያ ነገር ምንድን ነው?" ብላችሁ በስኮፕ ካያችሁና ሰው ከሆነ፣ ያን ሰው አነጣጥራችሁበታል።

እኔ ይሄን ደንብ ከደህንነት ደንብነት አልፌ አስበዋለሁ። ባይኖኩላር የሚጠይቅ መነጽር ነው። ምንድን ነው? ሴት ናት ወንድ? ግልገል አላት? ከጀርባዋ ምን አለ? ስኮፕ ግን የወሰነ መነጽር ነው። መሃሉ ላይ መስቀለኛ መስመር ተሰምሮበታል፤ ውስጡ የገባ ነገር ሁሉ ዒላማ ሆኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጥያቄያችንን ጨርሰን ነው ወደ ስኮፕ መሄድ ያለብን። እዚያ ደርሶ ማሰብ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። መሣሪያው በሱ ፈንታ ግማሹን አስቦለታል።

አራት መቶ ሠላሳ

ባለፈው ዓመት ኖቬምበር፣ የሴት ኤልክ ፈቃዴ የመጨረሻ ቀን ላይ፣ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሊመሽ ትንሽ ቀርቶታል። ማዶ በረዶው ላይ ስድስት ኤልክ ወጡ። በባይኖኩላር አየናቸው፤ አንዷ ለብቻዋ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ርቀት መለኪያው 430 አለ።

ስኮፕ ውስጥ ስትታይ ትንፋሿ ሲጨስ ይታያል። ጆሮዋን ስታዞር ይታያል። ባልደረባዬ ቀስ ብሎ "ጠመንጃው ይደርሳል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠመንጃው ይደርሳል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደነ፣ የቆሰለ እንስሳ ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ሲዞር ያደረ ሰው ነው፤ ቀላል ሰው አይደለም። እኔ ግን ሰደፉ ላይ የለጠፍኩት ነጭ ፕላስተር አለ፣ "250" ተብሎ ተጽፎበታል። የጻፍኩት ነሐሴ ላይ ነው፣ ልምምድ ሜዳ ላይ፣ ልቤ ረጋ ብሎ። ሸለቆው መሃል ሣሩ ወደ ግራ ተኝቷል፤ እኛ ጋ ግን ነፋስ የለም። ጥይቱን አወጣሁ። ኤልኳ ትንሽ ግጣ ዛፍ ውስጥ ገባች።

መኪና ውስጥ ተከራከርን። "ከአስር ስምንቴ ትመታት ነበር" አለኝ። እኔም ግምቱ ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። ስምንት ከአስር ብዙ ቦታ ጥሩ ውጤት ነው፤ ፈተና ላይ ኤ ባይሆን ቢ ነው። የተኩስ ሜዳ ላይ ወረቀት ከሆነ እቀበለዋለሁ። ግን አማካይ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያታልላል። ሁለት አስረኛ የቆሰለ ኤልክ የሚባል የለም። ያለው አንድ ሙሉ ኤልክ ነው፣ አንድ ሙሉ ሌሊት። ስምንቱ የተሳካላቸው ተኩሶች የሁለቱን ሕመም አያካፍሉለትም።

"ታዲያ 250 ላይስ አትስትም ወይ?" አለኝ። እስታለሁ፤ ሁልጊዜ የሚስት ዕድል አለ። ለዚህ ያለኝ መልስ ከዕድል ቁጥሩ ይልቅ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። 250 ላይ ብስት የሆነውን አያለሁ፣ ደግሜ መተኮስ እችላለሁ፣ ሳይጨልም እደርሳለሁ። የማዶው ጥግ ጋ ለመድረስ ሸለቆ መውረድና መውጣት አለ፤ ስንደርስ ጨለማ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ያቆሰሉትን እንስሳ ለመከታተል ተገቢውን ጥረት አለማድረግ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። ሕጉ "አትሳት" አይልም፤ "ስትስት ሂድበት" ነው የሚለው። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ይሄን እናውቀዋለን። ፕሮዳክሽን ላይ የምንለቀውን ነገር "ይሠራል ወይ?" ብቻ ብለን አንለቅም፤ "ካልሠራ እንዴት እንመልሰዋለን?" ብለን ነው። ጥይት ሮልባክ የለውም። ያለው መከታተል ብቻ ነው።

ማን አረደው?

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ኤልክ ተሳክቶልኝ ነበር፣ 140 ያርድ ላይ፤ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ወደቀች። ለእናቴ በቴሌግራም ሥጋውን አሳየኋት። ፍሪዘሩ ሞልቷል። ዝም ብላ አይታ ጠየቀችኝ፦

"ማን አረደው?"

"እኔ ነኛ፣ እማዬ።"

"አይ፣ አንተማ ሩቅ ነበርክ። ጥይቱ ነው።"

እኛ ቤት ሳይባረክ፣ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ እሷ ያንን ሥጋ በሕይወቷ አትቀምሰውም። ላሳምናትም አልሞከርኩም። ግን ጥያቄዋ ከሃይማኖቱም አልፎ ሥራዬ ድረስ ተከተለኝ። መታረድ ማለት ስም ያለው ሰው በእጁ አደረገው ማለት ነው። እናቴ የጠየቀችው ስለ ባለቤትነት ነበር።

ይሄ ጥያቄ ቀልድ አለመሆኑን የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ትራኪንግፖይንት የሚባል የቴክሳስ ድርጅት "ብልህ ጠመንጃ" ለገበያ አቀረበ። ስኮፑ ውስጥ ሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር አለ። ተኳሹ ዒላማውን አይቶ ቁልፍ በመጫን ምልክት ያደርግበታል። ኮምፒውተሩ ርቀቱን፣ የአየሩን ሙቀትና ግፊት፣ የጠመንጃውን ዘንበል ማለት አስገብቶ ያሰላል። ከዚያ ተኳሹ ቃታውን ስቦ ይይዛል። ጠመንጃው ግን ወዲያው አይተኩስም። መስቀለኛው መስመር ምልክቱ ላይ በትክክል እስኪያርፍ ይጠብቅና ያኔ ይለቀዋል። ነፋሱን ግን ሰውየው ራሱ ገምቶ ማስገባት ነበረበት። የማይሰላው ነገር እዚያም ቢሆን ወደ ሰው ተመለሰ።

በ2015 ደግሞ ሩና ሳንድቪክ እና ማይክል ኦገር የሚባሉ ሁለት የደህንነት ተመራማሪዎች በጠመንጃው ዋይፋይ በኩል ገብተው ስሌቱን መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። የጥይቱን ክብደት የሚገልጸውን ቁጥር ሲቀይሩት ጠመንጃው ሌላ ቦታ መታ፤ ተኳሹ ግን የሚያየው ምስል ያው ነው። ያልቻሉት አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ቃታውን ሳይስብ እንዲተኩስ ማድረግ። ያቺ አንዲት ነገር ለሰው እጅ ተትታ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰርጎ መገባቱ አይደለም፤ ሶፍትዌር ያለበት ሁሉ ይሰበራል። ያስጨነቀኝ የቃታው ትርጉም መቀየሩ ነው። ቃታ መሳብ ማለት "አሁን" ማለት ነበር። በዚያ ጠመንጃ ላይ ግን "ሲመችህ" ማለት ሆነ። ሰውየው ፈቃዱን ሰጠ፣ ጊዜውን ማሽኑ መረጠ። እናቴ "ማን አረደው?" ብትለው ምን ብሎ ይመልስላታል?

ኮሎራዶ እንዲህ ዓይነቱን ጠመንጃ ለአደን ከልክላለች። ይሄ ክልከላ ለኔ ከሕግነቱ በላይ ትርጉም አለው፦ ሌላ ምርጥ የሆነ ነገር መሥራት እየተቻለ፣ "ይሄ ለዚህ ሥራ አይሆንም" ማለት የቻለ ማኅበረሰብ አለ ማለት ነው።

ትርፉ የት ገባ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ዘልዬው ባልፍ አጉል ነው። እንዲህ ይላል፦ "ዓላማህ እንስሳው እንዳይሰቃይ ከሆነ፣ በደንብ የሚመታ መሣሪያ መከልከል ጭካኔ ነው። ማሽኑ ካንተ የተሻለ ከለቀቀው ይልቀቀው። ያንተ ኩራት ለኤልኳ ምን ይጠቅማታል?"

ልክ ነው። ለኤልኳ የኔ ንጹሕ ሕሊና ምንም አይደለም። የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ከያዘ ሰው ይልቅ ጥሩ ስኮፕ የያዘ ሰው በአንድ ዓይነት ርቀት ላይ የተሻለ ይመታል። በዚህ አልከራከርም፤ ለዚህም ነው እኔ ራሴ ስኮፕ የምጠቀመው።

ቁልፉ ግን "በአንድ ዓይነት ርቀት ላይ" የሚለው ሐረግ ነው። ጥሩ ፍሬን የገጠመ ሹፌር ሁለት ምርጫ አለው፦ እንደ ድሮው እየነዳ ይበልጥ በሰላም መግባት፣ ወይም ፍጥነት ጨምሮ እንደ ድሮው መፍራት። ስኮፕም እንዲሁ ነው። የተሻለ መሣሪያ ትርፍ ይሰጣል። ያን ትርፍ ለእንስሳው ልንሰጠው እንችላለን፤ እዚያው በለመድነው ርቀት ላይ ይበልጥ በእርግጠኝነት በመምታት። ወይም ለራሳችን እንወስደዋለን፤ ርቀቱን በመጨመር። ያኔ የመሳት ዕድሉ ወደ ድሮው ቦታው ይመለሳል፣ መከታተሉ ግን ከድሮው የከፋ ይሆናል። 25 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ 150 ያርድ ላይ ለመተኮስ ብሎ የሚገዛ ሰው አላየሁም።

ይሄን ነገር ያሰቡ ሰዎች ከኔ በፊት ነበሩ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ "ፌር ቼዝ" የሚባለውን ሐሳብ አስፋፋ፤ አዳኙ በእንስሳው ላይ አግባብ ያልሆነ ብልጫ መያዝ የለበትም የሚል ነው። ስፔናዊው ፈላስፋ ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት በ1942 ስለ አደን ሲጽፍ፣ ሰው መሣሪያው እየበረታ ሲሄድ ራሱ ላይ ገደብ ካላደረገ አደኑ አደን መሆኑ እንደሚቀር ተከራክሯል። አልዶ ሊኦፖልድ ደግሞ በ1949 በታተመው መጽሐፉ፣ አዳኝን ከሌላው ስፖርተኛ የሚለየው ተመልካች የሌለው መሆኑ ነው ይላል። የሚያጨበጭብም የሚያወግዝም የለም፤ ያለው ሕሊናው ነው።

የሊኦፖልድ ነጥብ ለኛ ዘመን ሰው ይከብዳል። እኛ ቤት የገደለ ይፎክር ነበር፤ ፉከራው ግን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፣ ውሸት ከሆነ ይጋለጣል። ዛሬ የ800 ያርድ ተኩስ ቪዲዮ ይለጠፋል፣ ላይክ ይጎርፋል። የሳተው ተኩስ ግን አይለጠፍም። ርቀቱ ጀብዱ የሚሆነው ሌላኛውን ቪዲዮ ስለማናይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ ነው የምመልሰው። ዓይን የደረሰበት ሁሉ እጅ አይደርስም፤ እጅ እንዲደርስ የሚፈቀድለት እግር በጊዜ የሚደርስበት ድረስ ነው። የያርዱ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። የኔ 250 ነው፣ የባልደረባዬ 400 ነው፤ የሁለታችንም ደንብ ግን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እንደ ሜዳው ተቀምጬና ተንበርክኬ ስተኩስ፣ ጥይቶቼ ሁሉ ትንሽ እንጀራ ውስጥ የሚያርፉት እስከ ስንት ድረስ ነው? ብስት ቦታውን አያለሁ ወይ? ሳይጨልም እደርሳለሁ ወይ? ሦስቱ ላይ "አዎ" የሚልበት ርቀት የኔ ርቀት ነው። የሚወሰነውም ነሐሴ ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ ትንፋሿን እያየሁ የምወስነው ነገር ውሳኔ አይባልም።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፦ 3-9×40 ይበቃችኋል፤ 2-7 እጥፍ የሆነውም ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ የመስታወቱን ጥራት ምረጡ፣ ሊመሽ ሲል ከሱቁ ደጅ ወጥታችሁ ሞክሩት። ዓይናችሁ ከኋላው ሌንስ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት አለበት፤ አለዚያ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድባችሁን ይገምሰዋል። ማሰሪያውን ርካሽ አትግዙ፤ የላላ ማሰሪያ ያለው ውድ ስኮፕ ይዋሻል። የተረፈውን ብር ጥይት ግዙበትና ተለማመዱ። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ቀለበቱን ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርጉት።

ይሄ የመጨረሻው ምክር ቅርብ እንስሳ ድንገት ቢነሳ ለመፍጠን ነው ይባላል፤ እሱም እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ምክንያት አለኝ። በትልቅ ማጉያ የተኮሰ ሰው ጠመንጃው ሲነሳበት ምስሉ ይጠፋበታል። ተመልሶ ሲያይ ባዶ በረዶ ነው፤ ትውደቅ፣ ትሩጥ፣ ወዴት ትሂድ አያውቅም። በአራት እጥፍ ላይ የተኮሰ ግን የቆመችበትን፣ የዘለለችበትን፣ የገባችበትን ዛፍ ሁሉ በአንድ ምስል ውስጥ ያገኛል። ከመተኮሴ በፊት ሽፋሽፍቷን የሚያሳየኝን ሳይሆን፣ ከተኮስኩ በኋላ ያደረግኩትን የሚያሳየኝን መነጽር ነው የምመርጠው።